ስፓ ላይ ዝናብ ከጣለ፦ ጣሪያ ይሻላል ወይስ ጭቃው ላይ መቆም?

መነሻ ጽሑፍ

ይህ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተነሳ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና የተከታታይ መልሶቹ፣ ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው ሦስት ሆነው በአንድ መኪና ከፍራንክፈርት ተነስተው ለቤልጂየም ግራንድ ፕሪ፣ ለፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር፣ ወደ ስፓ ፍራንኮርሻምፕ ትራክ ሊሄዱ ነው። የያዙት ትኬት ብሮንዝ ነው፤ ቁጥር ያለው ወንበር የሌለው፣ ቀድሞ የደረሰ ሣሩ ላይ ቦታ የሚይዝበት። ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። ትንበያው ከዓርብ ማታ ጀምሮ ዝናብ ስለሚል ጥያቄው ይህ ነው፦ ጨምረው ከፍለው ጣሪያ ያለው ትሪቡን (ደረጃ በደረጃ የተሠራ የተመልካች መቀመጫ) ይግዙ ወይስ ጥሩ የዝናብ ልብስ ይበቃቸዋል? እግረ መንገዱንም አንድ ነገር ጣል አድርጓል፤ ጁላይ በጋ ስለሆነ ቢዘንብም አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ያባራል ብሎ። ክሩን ሁለት ገጽ ያስኬደው ጥያቄው ሳይሆን ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

መልሶቹን በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። ሰላምታና መልካም ጉዞ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ፤ ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ ካለ ለዚህ ነው።

መልስ 1

ጠያቂውን ወንድሜ ብላ በትሕትና ትጀምራለች። ገንዘቡን ለትሪቡን ሳይሆን ለልብስ እንዲያውለው ትመክራለች፤ ግን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጃኬቱ ላይ ብቻ እንዳያፈስሰው። የሱሪው ነገር እንደሚብስ ታስረዳለች። ጨርቁ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር ውሃ ይቋቋማል ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ዝናቡ ከላይ ሲወርድ ይበቃል፤ ሰው እርጥብ ሣር ላይ ሲቀመጥ ግን ክብደቱ ውሃውን በጨርቁ ውስጥ ገፍቶ ያስገባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚርሰው መቀመጫና የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻ ነው። መፍትሔዋ ሁለት ነው፤ በአርባ ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ውሃ የማይመጥ የስፖንጅ ምንጣፍ ለመቀመጫ፣ ከነቦርሳው የሚሸፍን ሰፊ ፖንቾ ደግሞ ከጃኬቱ ላይ። ጃኬቱ ሲገዛ ስፌቱ ከውስጥ በኩል በቴፕ መታሸጉን ገልብጦ ማየት ነው። ጂንስ እቤት ይቅር ትላለች፤ አንዴ ከራሰ እዚያ አገር አይደርቅም። በነፍስ ወከፍ በቀን ሁለት ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው በሚታሸግ ላስቲክ።

መልስ 2

ለዘብ ያለ ሰው ነው፣ ያቺን የአንድ ሰዓት ነገር ግን አላለፋትም። ስፓ አርደን ደን ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር አካባቢ የሚገኝ ኮረብታ መሆኑን ያስታውሳል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ሜዳውን አልፎ ወደነዚህ ኮረብቶች ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያለውን ያራግፋል። አንድ ዙር 7.004 ኪሎ ሜትር ነው፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ነጥብ መካከል ደግሞ ወደ 100 ሜትር ልዩነት አለ። ላ ሱርስ የሚባለው ኩርባ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ፑዎን የሚባለው ሌላ ኩርባ ላይ ዶፍ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ኦገስት 29 ቀን 2021ን ያነሳል። ውድድሩ የተቀጠረው በአገሩ ሰዓት ለ15:00 ነበር። መኪኖቹ 15:25 ላይ ከሴፍቲ ካር (ፊት ፊት እየሄደ ፍጥነት ከሚገታው መኪና) ኋላ ወጡ፣ ምንም ስለማይታይ ውድድሩን የሚያቋርጠው ቀይ ባንዲራ ተነሳ፤ እንደገና የወጡት 18:17 ላይ ነው። ከሴፍቲ ካር ኋላ ሦስት ዙር ያህል ዞሩና ያ ሆነ፤ አንድም መቅደም ሳይታይ። ያን ቀን ሣሩ ላይ የነበረ ሰው ሦስት ሰዓት ገደማ ቆሞ የጠበቀው ባዶ መንገድ ነው። የእሱ ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ ውስጥ ከተባለው ሁሉ እኔም የምይዘው ይህንን ነው። ሰው ስፓ ላይ የሚጎዳው ሲዘንብ ሳይሆን ዘንቦበት ዝም ብሎ ሲቆም ነው። መኪና እየሮጠ ሰውነት ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል፤ በቀይ ባንዲራ ጊዜ ግን ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቆማል፣ ቦታዬ ይያዝብኛል ብሎ ሻይ ፍለጋ እንኳ አይሄድም። ዝግጅቱ መሆን ያለበት ለዚያ ለሦስቱ ሰዓት ነው።

መልስ 3

ሁለት መስመር ብቻ፣ ኮስተር ያለ። ስንት ዙር ተነዳ የሚለውና ስንት ተቆጠረ የሚለው አንድ አይደለም። ውጤቱ የተያዘው በ1 ዙር፣ በ6.880 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ7.004 ያነሰው የመነሻውና የመድረሻው መስመር 124 ሜትር ስለሚራራቁ ነው። በፎርሙላ 1 ታሪክ አጭሩ ውድድር እሱ ነው።

መልስ 4

መልስ 2 ይቅርታ ጠይቆ ተመልሷል፤ ቁጥሩን ተቀብሎ ነጥቡ ግን እንዳልተነካ ያክላል።

መልስ 5

አዲስ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ለተመልካቹ ገንዘቡ ተመልሶለት እንደሆነ ይጠይቃል።

መልስ 6

እሳት ለብሶ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ዙሮች የተነዱት ውድድር ተካሂዷል ተብሎ ገንዘብ ላለመመለስ እንደሆነ፣ ዝናብ የወረደበት ሕዝብ እንደ ሞኝ መቆጠሩን፣ ደኅንነት የሚባለው ውሃ የማያነሳ ምክንያት እንደሆነ በትልልቅ ፊደል ባይሆንም በትልልቅ ቃል ጽፏል።

መልስ 7

ይህችኛዋ ደንብ አዋቂ ናት። የፎርሙላ 1 ኃላፊ ስቴፋኖ ዶሜኒካሊ ያንን የገንዘብ ክስ በይፋ ማስተባበሉን ጠቅሳ፣ ክሱን ለሚያምነውም ለማያምነውም የሚጠቅመው ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ነው ትላለች። በ2021 ግማሽ ነጥብ ተሰጥቶ አሸናፊው ማክስ ቨርስታፐን 12.5 ይዞ ሄዷል። ከ2022 ጀምሮ ግን ያለ ሴፍቲ ካር ቢያንስ ሁለት ዙር ካልተነዳ ነጥብ የሚባል የለም፤ ሁለት ዙር አልፎ የውድድሩ ሩብ ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ ነጥብ የሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1። የሩጫው ጊዜ 2 ሰዓት፣ መቋረጡ ተጨምሮ 3 ሰዓት ነው፤ በ2021 ሰዓቱ ራሱ በዳኞች ውሳኔ ስለቆመ ነው ቀኑ እስከ ምሽት የተጎተተው።

ለተመልካቹ ትርጉሙ፦ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ሁኔታ ከመግዛት በፊት ማንበብ፤ በተለይ መኪና ትራኩ ላይ ከወጣ በኋላ ውድድሩ ቢቋረጥ የሚለውን አንቀጽ። አዘጋጁ ቀኑን ሙሉ ሲሰርዝ እና ፕሮግራሙ ሲያጥር የሚኖረው መብት ለየቅል ነው። ከዚያ ውጭ ገንዘብ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መልስ 8

መልስ 6 ተመልሶ መጥቶ ደንብ መጥቀስ የራሰ ልብስ አያደርቅም ይላል። እውነቱን ነው፣ ግን ክርክሩ እዚያው በረደ።

መልስ 9

ወደ ጥያቄው የመለሰን ይህ ሰው ነው፤ ረጅም ነው፣ ሙሉውን ማንበብ ይገባል። ጣሪያ ያለው ትሪቡን ማለት ደረቅ ወንበር ማለት እንዳልሆነ ያስረዳል። የፊቱ ረድፎች ነፋስ ባለበት ዝናብ ከጣሪያ ውጭ እንዳሉ ይቆጠራሉ፤ የሚገዛ ካለ ከመሐል ወደ ኋላ ያለውን ረድፍ ይፈልግ። ደግሞም ትሪቡን ሁሉ ጣሪያ የለውም፤ ሲልቨር ወይም ጎልድ የሚለው ስም ስለ ጣሪያ ምንም አይናገርም፣ የመቀመጫውን ካርታ አይቶ ነው።

ዋናው ግን በዝናብ የሚታየው ነገር መለወጡ ነው። የፒሬሊ ሰማያዊ ምልክት ያለው የዝናብ ጎማ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ እስከ 85 ሊትር ውሃ ያወጣል፤ ለመጠነኛ እርጥበት የሚሆነው አረንጓዴው ኢንተርሚዲየት 30 ሊትር ገደማ። አራት ጎማ በመኪናው ሁሉ ሲባዛ ያ ሁሉ ውሃ አየር ላይ ይቀራል። በደረቅ ቀን የሚያስጮኸው የኬመል ቀጥታ መንገድ በዝናብ ቀን ነጭ ግድግዳና የኋላ ቀይ መብራት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ብሮንዝ የያዘ ሰው በዝናብ ቀን ከፈጣኑ ቦታ ወደ ዘገምተኛው መውረድ አለበት፤ ወደ ሌ ኮምብ፣ ወደ ብሩሴል ኩርባ። እዚያ ፍጥነቱ ስለሚወድቅ ውሃው ቶሎ ይቀመጣል፤ ፍሬን ሲያዝ፣ ኋላው ሲንሸራተት፣ ሹፌሩ ደረቁን መስመር ፍለጋ ከተለመደው ውጭ ሲወጣ ይታያል። ስክሪን ከሚታይበት መራቅም አይገባም፤ ቀይ ባንዲራ ሲነሳ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ብቻ ነው፣ ስልክ ያን ሰዓት አይሠራም።

መልስ 10

በሁሉም ተስማምቶ አንድ ማስጠንቀቂያ ያክላል። የኬመል ዳር ያለው ቁልቁለት ብዙ ሰው ከረገጠው በኋላ ሳሙና ነው፤ ወጥቶ መቆም ይቻላል፣ መውረዱ ነው ችግሩ። የጎማ ቦት ውሃ አያስገባም፣ ታችኛው ግን ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ዳገት ላይ ያንሸራትታል፤ እግርም ውስጡ ያልበውና ይቀዘቅዛል። እሱ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የተራራ ጫማ ይመርጣል፤ ቦቱን ለካምፑ። በጭቃ ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ለመሄድ በደረቅ ቀን የሚፈጀውን እጥፍ ማሰብ።

መልስ 12

ስለ ጋቢ ነው። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ዕቃ ዝርዝር ምን ይሠራል፣ ሁለት ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ነው ይላል፤ ብርድን ከጋቢ በላይ የሚችል እንደሌለ፣ አባቶች ደጋ ላይ በጋቢ እንዳደሩ። ሰባት ሰው ወዶለታል።

መልስ 13

እሷ ደግሞ አልወደደችለትም። ጋቢ ጥጥ መሆኑን፣ ጥጥ ውሃ እንደሚጠጣ፣ የሚያሞቀው በፈትሉ መካከል የታሰረው አየር ስለሆነ ያ አየር በውሃ ሲተካ ሙቀት ከሰውነት እየመጠጠ እንደሚያወጣ በአጭሩ ታስረዳለች። የራሰ ጋቢ ከክብደቱ ሌላ ምንም አይሰጥም። የደጋ ሰው በጋቢው ላይ ሌላ መከለያ ሲደርብ ወይም ከዝናቡ ሲጠለል ነው የሚያድረው፣ ጋቢ ብቻውን ዝናብ ላይ አይወጣም ብላ ትዘጋለች። ትንሽ ሻከር ያለች ናት፣ ግን ልክ ናት።

መልስ 14

አስታራቂው። ጋቢው ይምጣ፣ ግን በታሸገ ላስቲክ ተጠቅልሎ ድንኳን ውስጥ ይቆይ፤ ሌሊቱን ከእንቅልፍ ቦርሳው ላይ ለመደረብ የሚስተካከለው የለም። በጁላይ እንኳ እዚያ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል የእንቅልፍ ቦርሳ ሲገዛ የሚታየው ምቾት የሚለው ቁጥር ነው፤ ጽንፍ የሚለው ሰው እንዳይሞት እንጂ እንዲተኛ የሚያደርግ አይደለም። ሜዳ ላይ ከውስጥ ሱፍ ወይም ፍሊስ፤ ሁለቱም እርጥብ ሆነው ትንሽ ያሞቃሉ።

መልስ 15

ስለ ምግብ የጻፈችው ይህችን ክር ከፈረንጆቹ መድረኮች የምትለይ ናት። በሶ ለቀይ ባንዲራ የተሠራ ምግብ ነው ትላለች፤ እሳት አይፈልግም፣ ሁለት እጅ በሶ፣ ትንሽ ጨው ወይም ማር፣ ውሃ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ኮዳ መምታት፣ አለቀ። ቆሎው ሱፍና ኦቾሎኒ ይብዛበት፤ በአንድ ትልቅ ፌስታል ሳይሆን ለየቀኑ በትንንሽ ላስቲክ፣ ምክንያቱም እርጥብ እጅ የገባበት ቆሎ በማግስቱ ይለሰልሳል። ፔርሙዝ አንድ ሊትር ለሦስት ሰው አይበቃም፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ይታሰብ፤ ሻይ ከመቅዳት በፊት ፔርሙዙን በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ማሞቅ። መግቢያው ላይ ጠርሙስ ይወሰዳል፤ ብልቃጥ ያለው ፔርሙዝ ሳይሆን ሙሉ ብረት የሆነው ይሻላል። ዓርብ ለሚጾም ደግሞ አንድ ነገር፦ የቤልጂየም የድንች ጥብስ በልማድ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። ድንች ነው ብሎ ከመግዛት በፊት በምን እንደሚጠበስ መጠየቅ።

መልስ 16

የድንች ጥብሱ ነገር አስደንግጦት ስንት ዓርብ እንዳለፈው እየቆጠረ እንደሆነ የጻፈ ነው። ከርዕሱ ውጭ ቢሆንም ክሩ የሳቀው እዚህ ብቻ ነው።

መልስ 17

ዝናቡ ሲጠና ድንኳኑ በር ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት እንደሚቻል፣ እግረ መንገዱንም ውስጡን እንደሚያሞቀው ይመክራል። ጀበናና ምድጃ ለመያዝ ስንት ቦታ እንደሚበቃም አስልቷል።

መልስ 18

የክሩ ቁጡ መልስ ይህ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። መልስ 17 ይጥፋልኝ ብሎ አወያዩን ይጠይቃል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ይወስደዋል። የድንኳን በር መከፈቱ አያድንም፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሰው በሩን እያጠበበ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያታልለው ነበልባሉ ጠፍቶ ረመጥ ብቻ የቀረው ከሰል ነው፤ ጭሱ ስለሌለ ንጹሕ ይመስላል፣ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። የተረፈ ከሰል ነው፣ ይሙቀን ተብሎ ወደ ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። የሚጣል ባርቤኪዩም፣ የጋዝ ምድጃም እዚያው ሕግ ውስጥ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ 112 መደወል። ቡና የግድ ከሆነ በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ፣ ጎኑ ሁሉ ክፍት የሆነ ሸራ ሥር፣ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፤ ያም የካምፑ ደንብ እሳት ከፈቀደ።

መልስ 19

መልስ 17 ጽሑፉን ራሱ አርሞ፣ ጋሼ ብሎ መልስ 18ን አመስግኗል። እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

መልስ 21

የድንኳን ሰው። ቆንጠር አድርጌ ላስቀምጠው። ለላይኛው ጨርቅ 3,000 ሚሊ ሜትር ውሃ ይቋቋማል የሚል ይበቃል፤ ውሃ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ከሥር የሚነጠፈው ሸራ ከድንኳኑ ወለል ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ማነስ አለበት፤ ከወጣ ከድንኳኑ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ከጀርባ ሥር ያስተኛዋል። ብዙ ሰው ትልቅ ሸራ የተሻለ ይመስለውና ሌሊቱን በገንዳ ውስጥ ያድራል። ጉድጓዳማ ቦታ መተው፤ ሣሩ ከሌላው ይልቅ የለመለመበትና የተኛበት ቦታ ውሃ የሚሄድበት ነው። ገመዶቹን ሁሉ መወጠር፣ በነጋ ቁጥር እንደገና፣ ምክንያቱም ጨርቁ ሲርስ ይረዝማል፤ ውጪኛው ውስጠኛውን ከነካ ያንጠባጥባል። ካስማው ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ውጭ ጋደል ብሎ ይመታል።

መልስ 22

አንድ መስመር፦ ቡየንራዳር የተባለው የዝናብ ራዳርና የቤልጂየም ንጉሣዊ ሜትሮሎጂ ተቋም መተግበሪያ። የሳምንቱን ትንበያ ሳይሆን የራዳሩን ምስል ማየት፤ ሰው ሳይነቃና መስመሩ ሳይጨናነቅ በጠዋት።

መልስ 23

የመኪናው ጉዳይ እዚህ ይጀምራል። ለእኔ የክሩ ምርጥ ይህ ነው፤ ጠያቂው ጨርሶ ያላሰበው ስለሆነ።

ማቆሚያው በአብዛኛው የገበሬ ሜዳ ነው። ሐሙስ ደርቆ የገቡበት ሣር እሑድ ማታ ሺህ ጎማ አልፎበት ሊጥ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ሲገባ ነው፤ አስተናጋጁ ምርጫ ከሰጠ ከጠጠሩ መንገድ አጠገብ፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ሆኖ፣ የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ቁልቁል እንዲሆኑ። ከመዝነቡ በፊት የመጎተቻውን ቀለበት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈተሽ፤ ትራክተር መጥቶ ሲቆም በጨለማ ክዳኑን በጥፍር መፈልፈል አይደለም።

ሲወጡ፦ ሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዙን እንደ እንቁላል መርገጥ፣ መሪውን ቀጥ ማድረግ። ጎማው ባዶውን ከዞረ ወዲያው ማቆም። የዞረው ጎማ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ጥርሱን በጭቃ ይሞላል፣ ሥሩን ይቆፍራል፤ የመኪናው ሆድ መሬት ካረፈ በኋላ ከጎማ ሥር የሚገባ ሰሌዳም አያወጣውም። መንሸራተት የሚከለክለውን ኤሌክትሮኒክስ ማጥፋት፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ጉልበቱን ስለሚቆርጠው። ወደፊትና ወደኋላ በትንሹ ማወዛወዝ። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ዳገት እምቢ ካለ ዞሮ ወደ ኋላ በሚያስኬደው ማርሽ ይሞከር፤ ክብደቱ ያኔ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያርፋል። የእግር ምንጣፍ ከሚነዱት ጎማዎች ሥር ሊገባ ይችላል፤ ግን እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ስለሚወጣ በዚያ አቅጣጫ ሰው አይቁም። ገመድ ከመጎተቻው ቀለበት እንጂ ከባምፐር ወይም ከጎማው ክንድ አይታሰርም፤ ሲወጠርም ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

መልስ 24

ለመልስ 23 እጅ ነስቶ ሦስት ነገር ያርማል ወይም ይጨምራል። የመጎተቻው ቀለበት በአንዳንድ መኪና የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ሰው ወደ ቀኝ እየታገለ አይገባም ብሎ ይተወዋል። የጎማ ነፋስ ወደ 1.5 ባር ማውረድ ጭቃ ላይ ይረዳል፤ ግን ያንን ይዞ አውቶባን (ፈጣን አውራ ጎዳና) መውጣት ጎማውን ያቃጥላል፣ ስለዚህ በ12 ቮልት የሚሠራ መንፊያ የሌለው ሰው አይንካው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው ሩቅ አይጎተትም፤ ከጭቃው ለማውጣት ስንት ሜትር እንደሚፈቀድ መመሪያውን ከቤት ሳይወጡ ማንበብ።

መልስ 25

ብራስልስ ላለ ሰው መኪና ለምን አስፈለገ ትላለች፤ በባቡር እስከ ቬርቪዬ፣ ከዚያ ለውድድሩ በሚመደቡት አውቶቡሶች። ግን የመመለሻ ትኬት በሰዓት የታሰረ እንዳይሆን። በጁላይ 27 ቀን 2025 ውድድሩ በዝናብ ምክንያት 80 ደቂቃ ያህል ዘግይቷል፤ በ16:20 ነው የተነሳው። አውቶቡስ ተሰልፎ ሲጠበቅም ሰዓቱ ይሄዳል፣ ያም ዝናብ ላይ ነው።

መልስ 26

ከዚህ ተነስቶ ክሩ ወደዚያ ውድድር ሸሸ። ይህ ሰው ያን ቀን መጠበቁ በዝቷል፣ ሲነሱ ሁሉም በኢንተርሚዲየት ነበሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ደረቅ ጎማ አደረጉ፤ የዝናብ ውድድር ተሰረቅን ይላል።

መልስ 27

መልስ 26ን አጥብቆ ይቃወማል። የሚያቆመው ውሃው ሳይሆን አለማየት ነው፤ በጁላይ 2023 እዚያው ስፓ ላይ በዝናብ በተደረገ የወጣቶች ውድድር ዲላኖ ቫንት ሆፍ ሕይወቱ ያለፈው ከፊት ያለው በማይታይበት ሁኔታ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ መሰረቅ የሚያወራ ሰው ቆም ብሎ ያስብ ብሎ ይጨርሳል። መልስ 26 አልተመለሰም።

መልስ 28

ርዕሱን በዘዴ የመለሰችው ናት። ዝናብ ብቻ ሳይሆን ጭጋግም ፕሮግራም እንደሚያቆም ታስረዳለች፤ የሕክምናው ሄሊኮፕተር መነሳት ካልቻለና ሆስፒታሉ በመንገድ በ20 ደቂቃ ካልተደረሰበት መኪና አይወጣም። በኦክቶበር 2020 ጀርመን ባለው የኑርበርግሪንግ ትራክ ላይ የዓርብ ልምምድ ሁለቱም የተሰረዙት በዚህ ነው፣ መኪኖቹ ጎማቸውን ሳያረጥቡ። ስለዚህ ጠዋት ከድንኳን ወጥቶ የኮረብታው ጫፍ በደመና ተሸፍኖ ካየ፣ መዘግየት ሊኖር ነው ብሎ ቁርሱን ሳይቸኩል ይብላ። በጭጋግ ጊዜ ቦታ ለመያዝ ቀድሞ ሄዶ መቀዝቀዝ ትርፉ ድካም ነው።

መልስ 30

በእንግሊዝ የሚደረገውን የሲልቨርስቶን ውድድር፣ የ2012ቱን፣ ያስታውሳል፤ ማቆሚያው ጭቃ ስለዋጠው የቅዳሜ ተመልካች የሆነ ብዙ ሰው እንዳይመጣ ተለምኗል። ስለዚህ ትኬትና የማቆሚያ ትኬት ለየብቻ እንደሚታዩ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት የአዘጋጁን ማስታወቂያ ማየት እንደሚገባ።

መልስ 31

ጠያቂው ራሱ ተመልሷል። ብሮንዙን ይዞ ይሄዳል፤ ቢዘንብም አንድ ሰዓት ነው ያላትን አባባል መልሶ ወስዷታል። ሱሪ፣ ፖንቾ፣ የስፖንጅ ምንጣፍ፣ በሶ፣ ገመድና መንፊያ ገዝቷል ወይም ተበድሯል። ለሦስቱ ሰው ከሌ ኮምብ አጠገብ ስክሪን የሚታይበት አንድ መገናኛ ቦታና ሰዓት በወረቀት ጽፎ ለየኪሳቸው አድርጓል፣ ስልክ ቢጠፋ ብሎ። እሑድ ማታ ላለመውጣትም ወስነዋል፤ ሰኞ ጠዋት ትራክተሩም ሰውም ፋታ ይኖረዋል። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሦስት ትልልቅ ጃንጥላ አለ።

መልስ 32

መልስ 1 ናት፣ አሁንም ወንድሜ ብላ። ጃንጥላው ሣሩ ላይ ሲዘረጋ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው የጃንጥላውን ጀርባ ብቻ ነው፣ ከጫፉ የሚወርደው ውሃም ጎረቤት አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። አንዱን ብቻ ከድንኳን ወደ መጸዳጃ ለመሄጃ ይያዙ፤ ሁለቱ ፍራንክፈርት ይቅሩ።